ወረቀቱ የቆመው የት ነው? በሥራ ክፍሎች መካከል የሚፈጠር ግድግዳ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

«እኛ ጨርሰናል፤ አሁን እነሱ ጋር ነው ያለው» የሚለው አነጋገር በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ በቀን ሦስትና አራት ጊዜ የሚሰማ ከሆነ፣ በክፍሎች መካከል ግድግዳ መቆሙን ለማወቅ ሌላ ጥናት አያስፈልግም። ይህ መመሪያ በጎጃም ከተሞች በሚገኙ የኅብረት ሥራ ዩኒየኖች፣ ሆስፒታሎችና የመንግሥት ጽሕፈት ቤቶች ውስጥ ክፍል ለሚመሩ ሰዎች የተጻፈ ሲሆን፣ መነሻውም በመጀመሪያ በንብረት ክፍል፣ በኋላም በውስጥ ኦዲት በሠራሁባቸው ዓመታት ያየሁት ነው። እንዲህ ያለ ችግር ሲያጋጥም ኃላፊዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚቀድማቸው ሠራተኛውን አዳራሽ ሰብስቦ ስለ መተባበር መምከር ነው፤ ነገር ግን ካየኋቸው ግድግዳዎች አብዛኞቹን ያቆማቸው የሰዎቹ ጠባይ ሳይሆን የወረቀቱ አካሄድና ዕቅዱ የሚለካበት መንገድ ነው።

ምልክት፦ ሁሉም የድርሻውን ሠርቷል፤ ደንበኛው ግን በር ላይ ቆሟል

በምሥራቅ ጎጃም በሚገኝ አንድ ዩኒየን ውስጥ ያጋጠመኝን ላንሣ። የግብይት ክፍሉ ለአንድ የዱቄት ፋብሪካ 400 ኩንታል ስንዴ ለማስረከብ ተዋውሎ፣ መኪኖቹ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ከግቢው በር ደረሱ። የመጋዘን ኃላፊው የወጪ ማዘዣ ሳይደርሰው አንድ ጆንያ እንደማያንቀሳቅስ ተናገረ፤ ትክክል ነበር። ማዘዣውን የሚያዘጋጀው ንብረት ክፍል ከፋይናንስ የክፍያ ማረጋገጫ እንዳልደረሰው ገለጸ፤ እሱም ትክክል ነበር። ገዥው ገንዘቡን ባንክ ያስገባበት ደረሰኝ ግን ካለፈው ቀን ከሰዓት በኋላ ጀምሮ በሒሳብ ሠራተኛዋ ጠረጴዛ ላይ በሌሎች ወረቀቶች ሥር ተቀምጦ ነበር፤ መኪኖቹ በማግስቱ እንደሚመጡ የነገራት ሰው አልነበረምና። ሾፌሮቹና ረዳቶቻቸው እስከ 9 ሰዓት ድረስ ከባሕር ዛፉ ጥላ ሥር ዋሉ። በሒሳብ ሠራተኛዋ ክፍል ግድግዳ ላይ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚል ጽሑፍ በትልቁ ተለጥፎ እንደነበር ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም።

መንስኤው እያንዳንዱ ክፍል ሥራውን የሚጀምረው ወረቀቱ እጁ ሲገባ ብቻ መሆኑ ነው፤ ሥራው እየመጣ መሆኑን አስቀድሞ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ይህን በግምት ሳይሆን በማስረጃ ለማየት አንድ ተራ ጥያቄ፣ ለምሳሌ የጆንያ ግዥ መጠየቂያ፣ ይመረጥና በየጠረጴዛው የገባበትና የወጣበት ቀንና ሰዓት በጀርባው ላይ ይጻፍ። እኛ ይህንኑ ስናደርግ፣ ለምርመራና ለፊርማ የዋለው ጊዜ ተደምሮ አንድ ሰዓት አልሞላም፤ ወረቀቱ ግን የተመለሰው በስድስተኛው ቀን ነበር። የቀረው ጊዜ በሙሉ ያለፈው አንዱ ኃላፊ ወኪል ሳይተው መስክ ወጥቶ፣ ሌላው ወረቀቱ መምጣቱን ሳያውቅ፣ በአንዱ በርና በሌላው በር መካከል ነው።

መፍትሄው የግብይት ክፍሉ በማግስቱ የሚጫነውን ዝርዝር፣ የገዥውን ስም፣ መጠኑንና የመኪኖቹን ሰሌዳ ጨምሮ፣ በየቀኑ እስከ 10 ሰዓት ድረስ ለፋይናንስ፣ ለንብረት ክፍልና ለመጋዘን በአንድ ጊዜ እንዲያደርስ ማድረግ ነው። ዝርዝሩ በቴሌግራም ቢላክም ያው ነው። የባንክ ደረሰኝ ፎቶግራፍ ግን በቴሌግራም ስለ ደረሰ ብቻ ዕቃ አይውጣ፤ ገንዘቡ በሒሳቡ ውስጥ መግባቱን ፋይናንስ ክፍሉ ራሱ ማረጋገጥ አለበት። በተጨማሪም ፈራሚ ሁሉ ከቢሮ ሲወጣ የጽሑፍ ውክልና እንዲተው ይደረግ፤ ይህ ትንሽ ቢመስልም ከሌሎቹ እርምጃዎች ሁሉ ይልቅ ቀናት የሚቆጥብ ነው።

ምልክት፦ ሁለት ክፍሎች ስለ አንድ ዕቃ ሁለት ቁጥር ይናገራሉ

በመጋዘኑ ቢን ካርድ (ከዕቃው ጋር መጋዘን ውስጥ በሚቀመጠው የገቢና ወጪ መመዝገቢያ) ላይ ያለው ከወጪ ቀሪና በንብረት ሒሳብ ስቶክ ካርድ (ሒሳብ ክፍሉ በሚይዘው መመዝገቢያ) ላይ ያለው ከወጪ ቀሪ አይገናኙም፤ ስብሰባውም በክርክር ያልቃል። ብዙ ሰው ወዲያው ስርቆትን ይጠረጥራል፤ ጥርጣሬው አንድ ጊዜ ከተነገረ ደግሞ ግድግዳውን ለማፍረስ ዓመታት ይፈጃል። ስለዚህ አስቀድመው ሁለት ነገሮች ይመርመሩ። አንደኛው መለኪያው ነው፤ ማዳበሪያ የሚመጣው በ50 ኪሎ ጆንያ በመሆኑ መጋዘኑ በጆንያ፣ ሒሳብ ክፍሉ በኩንታል ሲመዘግቡ አንዱ ቁጥር የሌላውን እጥፍ ይሆናል። ሁለተኛው ቀኑ ነው፤ አንዱ ዕቃው የወጣበትን ቀን፣ ሌላው ሰነዱ የደረሰበትን ቀን ይመዘግባል። መፍትሄውም ለሁለቱም አንድ መለኪያ መወሰንና በየወሩ በታወቀ ቀን የሁለቱም ክፍሎች ሠራተኞች ካርዳቸውን ይዘው መጋዘን ውስጥ አብረው መቁጠር ነው።

ምልክት፦ አንዱ ክፍል «ቆጠብኩ» ሲል ሌላው «ከሰርኩ» ይላል

አንድ የሆስፒታል ግዥ ክፍል ጓንት በዝቅተኛ ዋጋ ይገዛል፤ ጓንቱ ሲለበስ ስለሚቀደድ ነርሶቹ ሁለት ሁለት እየደረቡ ይጠቀማሉ። በግዥ ክፍሉ ሪፖርት ላይ ቁጠባ ይጻፋል፤ በሕክምና ክፍሉ ሪፖርት ላይ ደግሞ የፍጆታ ብክነት ይጻፋል። ሁለቱም ክፍሎች በየራሳቸው ዕቅድ ስለሚመዘኑ አንዱ ነጥብ ያገኘበት ሥራ ሌላውን ነጥብ ያስቀንሰዋል። አሜሪካዊው የጥራት ሊቅ ኤድዋርድስ ዴሚንግ ከ14 የአመራር ነጥቦቹ መካከል 9ኛውን በክፍሎች መካከል ያለው ግድግዳ ይፍረስ ለሚለው ሰጥቶታል፤ 11ኛው ደግሞ የቁጥር ኮታን የሚቃወም ነው፤ በእኔ እምነት 11ኛውን ትቶ 9ኛውን ለመፈጸም መሞከር ድካም ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ ትምህርቱን ተቀብላ የሠራችበት ጃፓን ናት፤ ከዚያች አገር የመጣው ካይዘን የተባለው ተከታታይ የማሻሻያ ዘዴም በአገራችን በ2004 ዓ.ም. ኢንስቲትዩት ተቋቁሞለታል። ይሁን እንጂ በየመሥሪያ ቤቱ ጎልተው የሚታዩት የካይዘን አምስቱ «ማ»ዎች (ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድና ማዝለቅ) ናቸው፤ መደርደሪያው ይጸዳል፤ በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያለው መመዘኛ ግን እንደ ነበረ ይቀራል።

እዚህ ላይ የግዥ ሠራተኛውን ወይም የግዥ መመሪያውን መውቀስ አይጠቅምም። የተጠየቀውን መስፈርት ካሟሉት መካከል ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው የሚያሸንፍ ከሆነ፣ መጠየቅ ያለበት ስፔሲፊኬሽኑን፣ ማለትም የሚገዛው ዕቃ ምን ዓይነት መሆን እንዳለበት የሚገልጸውን ዝርዝር፣ ማን ጻፈው የሚለው ነው። ባየሁት ሰነድ ላይ የተጻፈው «ጓንት፣ መካከለኛ» የሚል ብቻ ነበር። ስለዚህ ስፔሲፊኬሽኑን ዕቃውን የሚጠቀመው ክፍል ራሱ ያዘጋጅ፤ ናሙና ሲቀርብም ከቴክኒክ ገምጋሚዎች አንዱ በሥራው ላይ ያለ ሰው ይሁን፤ የግዥ ክፍሉ ውጤትም በግዥው ዋጋ ብቻ ሳይሆን ዕቃው በአገለገለበት ጊዜ ጭምር ይመዘን።

ምልክት፦ ጎን ለጎን ያሉ ቢሮዎች በደብዳቤ ይነጋገራሉ

በአንድ ኮሪደር ላይ የሚገኙ ሁለት ክፍሎች ለሥራ አስኪያጁ ግልባጭ እያደረጉ ቢጻጻፉ፣ ደብዳቤው የተጻፈው ሥራውን ለማሠራት ሳይሆን በኦዲት ጊዜ «አሳውቄ ነበር» ለማለት ነው። ለገንዘብና ለንብረት ደብዳቤው ይቆይ፤ ለመረጃ ያህል የሚጻፈው ግን ጠዋት ላይ ለ10 ደቂቃ ያህል ቆሞ በመነጋገር ይተካ። ለዚህ ኮሚቴ የሚያቋቁም ኃላፊ ካለ ሌላ በር እየጨመረ መሆኑን ይወቀው።

ምልክት፦ ጥያቄው ሁሉ በግንቦት መጨረሻ ይጎርፋል

በጀቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሁሉም ክፍል የግዥ ጥያቄ በአንድ ጊዜ ይመጣል። በእኛ አካባቢ ደግሞ ሰኔ የዘር ወቅት በመሆኑ የግብርና ባለሙያው ቀበሌ ላይ ነው፤ ያዘዘው ዕቃ ሲመጣ አይቶ የሚረከብ ሰው አይገኝም። መንስኤው ጠያቂው ክፍል ዕቃው የሚያስፈልግበትን ቀን እንጂ ለመግዛት የሚፈጀውን ጊዜ አለማሰቡ ነው። ገበሬው ወንፈል ሲገባ የማን ማሳ በየትኛው ቀን እንደሚታረም አስቀድሞ ይነጋገራል፤ ባለተራዋም ጠላውን የምትጠነስሰው ከሥራው ቀን ወደ ኋላ ቆጥራ ነው። የግዥ ክፍሉና ጠያቂው ክፍልም በሐምሌ አብረው ተቀምጠው፣ ዕቃው ሥራ ላይ ከሚውልበት ቀን ወደ ኋላ ለርክክብ፣ ለጨረታና ለስፔሲፊኬሽን የሚፈጀውን ሳምንት እየቀነሱ፣ ጥያቄው የሚቀርብበትን ቀን በዕቅዱ ላይ ይጻፉት።

መፍረስ የሌለበት ግድግዳ

ግድግዳ ይፍረስ ሲባል ገዥው ተረካቢ፣ መጋዘን ያዡ ገንዘብ ተቀባይ ይሁን ማለት አይደለም። «ስለምንተማመን» ተብሎ ዕቃው ሳይቆጠር ሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) የተቆረጠበት ጊዜ አጋጥሞኛል፤ ጉድለቱ የታወቀው ለአቅራቢው ክፍያ ከተፈጸመ በኋላ ነበር። ገዥውና ንብረት ክፍሉ የዕቃውን መምጫ ቀን አብረው ይወስኑ፤ መኪናው ሲመጣም አብረው ይገኙ፤ ጆንያውን የሚቆጥረውና ሞዴሉን የሚፈርመው ግን ተረካቢው ብቻ ነው።