የክፍላችሁ ቲቪ «ኖ ሲግናል» ሲል

ሐዋሳ ውስጥ ዲሽ እሰቅላለሁ፣ እጠግናለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ስልኬ ሲጮህ ነገሩን ሳላነሳው አውቀዋለሁ። ከአንዱ ፔንሲዮን ነው። እንግዳው ኳስ ሊያይ አልጋው ላይ ተመቻችቶ ቲቪው «ኖ ሲግናል» ብሎበታል። ብዙ ጊዜ ግን መሰላል ሳላወጣ ጨርሼ ነው የምመለሰው።

ስክሪኑ ላይ «ኖ ሲግናል»

ይህን ቃል ቲቪውም ሪሲቨሩም ይጽፉታል። ስለዚህ መጀመሪያ የጻፈውን እንለይ። የሪሲቨሩን ሪሞት ያዙና ሜኑ የሚለውን ተጫኑ። ሜኑ ካልመጣ የተናገረው ቲቪው ነው። «ከሪሲቨሩ ምንም አልደረሰኝም» ማለቱ ነው፤ ዲሹን ተዉት። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ አንዳንድ ሪሲቨር እንደተኛ ይቀራል። ቀይ መብራት ብቻ ካያችሁ አብሩት። ወይም ከእናንተ በፊት ያደረው እንግዳ ፍላሽ ሰክቶ ፊልም ሲያይ አምሽቶ ቲቪውን እዚያው ትቶት ሄዷል። በቲቪው ሪሞት ሶርስ ብላችሁ ገመዱ የተሰካበትን፣ ኤችዲኤምአይ ወይም ኤቪ፣ ምረጡ። ሶርስ እምቢ ካለ ቲቪው በሆቴል ሞድ ተቆልፏል። ድምፁ ከተወሰነ በላይ አልጨምር የሚለውም አንዳንዴ በዚሁ ነው። ሪሴፕሽን ደውሉ እንጂ ከሪሞቱ ጋር አትጣሉ።

ሜኑ መጣ፣ ጣቢያ ግን የለም

አሁን ጣራውን መጠርጠር ይቻላል። ሜኑ ውስጥ ስትሬንግዝ እና ኳሊቲ የሚሉ ሁለት መስመሮች አሉ። ስትሬንግዝ ኖሮ ኳሊቲ ዜሮ ከሆነ ዲሹ አቅጣጫውን ስቷል። ሁለቱም ዜሮ ከሆኑ ገመዱን ወይም ኤልኤንቢውን፣ ማለት ከዲሹ ፊት ክንዱ ጫፍ ላይ ያለውን ሲግናል ተቀባይ፣ እዩ።

ዲሹን የሚያዞረው አብዛኛውን ጊዜ ንፋስ ነው። ሐይቁ ዳር ባለ አንድ ፔንሲዮን ግን ጥፋተኛዋ ጦጣ ነበረች። የኤልኤንቢውን ክንድ ዥዋዥዌ አድርጋዋለች! ሦስት ጊዜ አስተካክዬ በአራተኛው እጅ ከፍንጅ ያዝኳት። ዲሹን ከዛፉ ቅርንጫፍ አርቄ ተከልኩት፣ ተገላገልን።

ጣራው ላይ ሁለት ዲሽ ካለ በሐይቁ ለዩዋቸው። ሐይቁ ከከተማው በስተምዕራብ ነው። ናይልሳት 7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ስለሆነ የእሱ ዲሽ ፊቱን ወደ ሐይቁ ያዞራል። የኢትዮሳት ሳተላይት ደግሞ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው፤ ዲሹ ለሐይቁ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ሰማይ ቀና ይላል። ይህን ያላወቀ ጥበቃ የአገር ውስጥ ጣቢያ ጠፋ ሲባል ይወጣና ደህናውን ዲሽ ያዞራል። ከዚያ ሁለቱም ይጠፋሉ፣ እኔም እጠራለሁ።

ኳሊቲው ጥሩ ሆኖ ጣቢያዎቹ ብቻ ከሌሉ ዝርዝሩን አንድ ሰው አጥፍቶታል። ኢትዮሳት ላይ ፍሪኩዌንሲ 11105፣ ፖላራይዜሽን ሆሪዞንታል፣ ሲምቦል ሬት 45000 አስገብታችሁ ሰርች አድርጉ።

ዝናብ ሲመጣ ምስሉ ይቆራረጣል

ዶፍ ዝናብ ከሳተላይት የሚመጣውን ሞገድ ያደክመዋል። መፍትሄው ቡና አዝዞ መጠበቅ ነው። ዝናቡ ካባራ በኋላም ከቀጠለ ግን ኮኔክተሩ ውስጥ ውሃ ገብቷል። የገመዱን ጫፍ ቆርጦ አዲስ ኮኔክተር ማሰርና በናስትሮ ጥብቅ አድርጎ መጠቅለል ነው። ገመዱ ወደ ክፍሉ ከመግባቱ በፊት ትንሽ ረገብ ብሎ ቢንጠለጠል ውሃው እዚያው ይንጠባጠባል፣ ወደ ውስጥ ተከትሎ አይገባም።

ፍላሹን አያነብም፣ ወይም ፊልሙ ድምፅ የለውም

አሮጌ ቲቪ ብዙ ጊዜ የሚያውቀው በፋት 32 ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ነው። ፋት 32 ደግሞ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ ስለዚህ አነስ ያለውን ኮፒ ጫኑ። ምስል ኖሮ ድምፅ ከሌለ የፊልሙ ድምፅ ዲቲኤስ በሚባል ፎርማት የተቀዳ ሊሆን ይችላል። ብዙ ቲቪ አይፈታውም። ስፒከሩ ተበላሸ ብላችሁ እንግዳ ተቀባይዋን አታስጨንቋት፣ ሌላ ኮፒ ፈልጉ።

ሪሞቱ አይሠራም

የስልካችሁን የሰልፊ ካሜራ ክፈቱና የሪሞቱን አፍንጫ ወደሱ አድርጋችሁ ቁልፍ ተጫኑ። በዓይን የማይታየው ብርሃን ስክሪኑ ላይ ብልጭ ካለ ሪሞቱ ደህና ነው፤ ሪሲቨሩን ፊት ለፊት የሚከልል ነገር ካለ አንሱ። ብልጭ ካላለ ባትሪ ድንጋይ ቀይሩ። አሁንም ካልሆነ የጎረቤት ክፍሉን ሪሞት ተዋሱ። ሪሲቨሩ አንድ ዓይነት ከሆነ ይሠራል።