ካዮቲ ሰፈር ውስጥ ስታጋጥማችሁ

ኮሎራዶ፣ ዴንቨርና ኦሮራ ያላችሁ፣ በተለይ አዲስ የመጣችሁ፣ ማታ ጓሮ ላይ ግራጫ ቀበሮ የመሰለች ነገር ካያችሁ ካዮቲ ልትሆን ትችላለች፣ የውሻና የተኩላ ዘመድ የሆነች የዱር እንስሳ ናት። ክብደቷ ከ9 እስከ 23 ኪሎ ቢሆን ነው፣ በክረምት ፀጉሯ ስለሚወፍር ነው ትልቅ የምትመስለው። መንገድ ጠፍቷት አይደለም የመጣችው፣ እዚሁ ነው የምትኖረው። ድሮ ሰው ተኩላውን ሲጨርሰው ቦታው ተለቀቀላት፣ አሁን ከሃዋይ በቀር ሁሉም የአሜሪካ ስቴት ውስጥ አለች። ሰው ሲበዛባት ቀን ቁጥቋጦ ውስጥ ተኝታ ትውልና ሌሊት ወጥታ አይጥ፣ ጥንቸል፣ የረገፈ ፍራፍሬ ያገኘችውን ትበላለች።

ከሁሉም በላይ ምግብ ውጪ አታሳድሩ። እኛ የገና ለት የበግ አጥንት በፌስታል አስረን ጓሮ በር ላይ አሳደርን፣ ጠዋት ፌስታሉ ተቦጫጭቆ አጥንቱ የለም፣ በረዶው ላይ ዱካዋ ቀጥ ብሎ እስከ አጥሩ ይታያል። ከዛ በኋላ ሳምንቱን ሙሉ እዛው በር ላይ ትመጣ ነበር። የድመት ምግብም፣ ለወፍ ብላችሁ የምትበትኑት እንጀራም ያው ነው። ሰው ቤት ምግብ የለመደች ካዮቲ ሰው መፍራት ትተዋለች፣ አደጋው የሚጀምረውም እዛ ጋ ነው።

ፊት ለፊት ከተገናኛችሁ በፍፁም እንዳትሮጡ፣ ጀርባም አትስጡ፣ ከሮጣችሁ ልታባርራችሁ ትችላለች። ልጅ ካለ ቶሎ እቀፉት፣ ትንሽ ውሻም ከሆነ አንሱት። ከዛ እጃችሁን ወይ ጃኬታችሁን ከፍ አድርጋችሁ ጩኹ፣ አጨብጭቡ፣ አጠገቧ ድንጋይ ወርውሩ። ትንሽ ራቅ ብላ ቆማ ካየቻችሁ አትተዉ፣ ጨርሳ እስክትሄድ ቀጥሉ፣ መሀል ላይ ካቆማችሁ ጩኸት ምንም እንደማያመጣ ትለምዳለች።

ሚያዝያና ግንቦት አካባቢ ግን ትወልዳለች፣ በዛ ሰሞን ሃይላይን ካናል የእግር መንገድ ላይ ዎክ ስታደርጉ ከኋላ ከተከተለቻችሁ ልትበላችሁ ሳይሆን ከቡችሎቿ ልታርቃችሁ ሊሆን ይችላል፣ እያያችኋት ቀስ ብላችሁ ራቁ፣ እዛ አትጨቃጨቋት። ውሻ ያላችሁ አጭር ገመድ ተጠቀሙ፣ ሲነጋጋና ሲመሽ ብቻውን ጓሮ አትልቀቁት።

ከነከሰች ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውሃ ደህና አድርጋችሁ እጠቡና በዛው ቀን ሀኪም ጋ ሂዱ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሊያስፈልግ ይችላል፣ ምልክቱ እስኪታይ ከተጠበቀ ደግሞ አይደረስበትም።