ተጭኖ ያለቀ አፕዴት ተመልሶ ሲመጣ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ኮምፒውተሩ አፕዴት አለ ይላል። ያወርዳል፣ ይጭናል፣ ሪስታርት ያደርጋል። በማግስቱ ያው አፕዴት በዚያው ቁጥር እንደገና ተደርድሮ ይጠብቃል። በዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ይህ የሚደርስባቸው መንገዶች ብዙ ቢሆኑም ከሦስት ጎራ አይወጡም። አንደኛው፣ አፕዴቱ በደንብ ገብቷል፤ አሁን የመጣው በዚያው ቁጥር የሚወጣ አዲስ እትም ነው። ሁለተኛው፣ አፕዴቱ ገብቷል፤ ዊንዶውስ ግን መግባቱን አላወቀም። ሦስተኛው፣ ከነጭራሹ አልገባም፤ ሪስታርት ላይ ተሰርዞ ወደ ኋላ ተመልሷል። የሦስቱ መድኃኒት የተለያየ ነው። ብዙ ሰው ግን ሳይለይ ፎልደር ማጥፋት ይጀምርና ችግሩን ሊያሳየው የሚችለውን መረጃ አብሮ ያጠፋል።

መጀመሪያ ጎራውን መለየት

ሰቲንግ ውስጥ ዊንዶውስ አፕዴትን፣ ከዚያ አፕዴት ሂስትሪን ይክፈቱ። ተመላላሹን አፕዴት ይፈልጉና በኬቢ የሚጀምረውን ቁጥር፣ የእትም ቁጥር ካለውም እሱን ጭምር ይጻፉ። ከወደቀ ከጎኑ የኤረር ኮድ አለ። ኮዶቹ ሁሉ በዜሮና በኤክስ ስለሚጀምሩ ከዚህ በታች የምንጠቅሰው ቀሪውን ብቻ ነው።

ወርሃዊው አፕዴት ከሆነ ቁርጡን የሚነግረው የቢልድ ቁጥሩ ነው። የዊንዶውስ ቁልፍንና አርን አብረው ይንኩ፣ በሚከፈተው ሳጥን ውስጥ ዊንቨር ብለው በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፉና ኢንተር ይበሉ። የሚታየው ቁጥር በነጥብ የተከፈለ ነው። ከነጥቡ በፊት ያለው የዊንዶውሱን እትም ይነግራል፤ 22631 ካለ ዊንዶውስ 11 23ኤች2 ነው፣ 26100 ካለ 24ኤች2። ከነጥቡ በኋላ ያለው በየወሩ አፕዴት ከፍ እያለ የሚሄደው ነው። ማይክሮሶፍት ለእያንዳንዱ ወርሃዊ አፕዴት በሚያወጣው ገጽ ርዕስ ላይ ቢልዱ ስንት ላይ እንደሚደርስ ተጽፏል። የእርስዎ ቁጥር ከዚያ እኩል ወይም በላይ ከሆነ አፕዴቱ ገብቷል፤ ካነሰ አልገባም፣ ሂስትሪው ምንም ይበል ምን። ለድራይቨር (እንደ ፕሪንተር ያለውን ዕቃ ለሚያሠራው ሶፍትዌር) እና ለዲፌንደር (ለዊንዶውስ የራሱ አንቲቫይረስ) ይህ መለኪያ አያገለግልም።

ተጨማሪ ማስረጃ ከተፈለገ ኢቨንት ቪወርን ከፍተው ዊንዶውስ ሎግስ፣ ከዚያ ሲስተም ውስጥ ዊንዶውስ አፕዴት ክላየንት የሚል ምንጭ ያላቸውን መስመሮች ይመልከቱ። 43 መጫን መጀመሩን፣ 19 መሳካቱን፣ 20 መውደቁን ያመለክታል። ለአንድ ኬቢ 43 እና 20 እየተፈራረቁ ከመጡ ሦስተኛው ጎራ ነው። 43 እና 19 እየተፈራረቁ እትሙም ካልተለወጠ ሁለተኛው ነው።

ምልክት፦ በየቀኑ ይመጣል፣ ሁልጊዜም ይሳካል

ኬቢ2267602 ከሆነ ምንም አይንኩ። ይህ የዲፌንደር የቫይረስ መለያ ዝርዝር ነው፤ በቀን ከአንድ ጊዜ በላይም ይመጣል፣ ቁጥሩ ግን አይለወጥም። የሚለወጠው ከጎኑ የተጻፈው እትም ነው። ኬቢ890830ም እንደዚሁ ነው፤ ጎጂ ሶፍትዌር የሚያስወግደው መሣሪያ አዲስ እትም በወጣ ቁጥር በዚያው ስም ይመጣል። እትሙ እየጨመረ እስከሄደ ድረስ የሚጠገን ነገር የለም።

ምልክት፦ ሁልጊዜ ሪስታርት ይጠይቃል፣ ኮምፒውተሩ ግን በየማታው ይጠፋል

ፋስት ስታርትአፕ የሚባለው አሠራር ሲበራ ሻትዳውን እውነተኛ መዝጋት አይደለም። የሲስተሙ ከርነል ዲስክ ላይ ተቀምጦ ጠዋት ከዚያው ይቀጥላል። አንዳንድ አፕዴት ደግሞ ሥራውን የሚጨርሰው ሲስተሙ ከዜሮ ሲነሳ ብቻ ነው። መፍትሄው ሻትዳውንን ሳይሆን ሪስታርትን መምረጥ ነው። መዝጋቱ ግድ ከሆነ ሺፍትን እንደያዙ ሻትዳውን የሚለውን ክሊክ ያድርጉ፤ ለዚያ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ይዘጋል። ለዘለቄታው ማጥፋት ከፈለጉ በኮንትሮል ፓነል ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ የፓወር ቁልፉ ምን እንደሚሠራ ከሚወሰንበት ገጽ ላይ ምልክቱን ያንሱ።

ምልክት፦ ቢልዱ ትክክል ነው፣ አፕዴቱ ግን እንደገና ይቀርባል

ዊንዶውስ አፕዴት ምን እንደወረደና ምን እንደተጫነ የሚይዝበት የራሱ ዳታቤዝ አለው። መጋዘኑ ሞልቶ መዝገቡ እንደተበላሸበት ዕቃ ቤት፣ ዕቃው እያለ እንደገና ያዛል። ዳታቤዙ ያለው በሲ ድራይቭ፣ ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ፣ ሶፍትዌርዲስትሪቢዩሽን በሚባለው ፎልደር ነው።

የዊንዶውስ ቁልፍንና አርን ነክተው ሰርቪስስ ነጥብ ኤምኤስሲ ብለው ይክፈቱ። ዊንዶውስ አፕዴትን፣ ባክግራውንድ ኢንተሊጀንት ትራንስፈር ሰርቪስንና ክሪፕቶግራፊክ ሰርቪስስን በየተራ ራይት ክሊክ አድርገው ስቶፕ ይበሉ። ከዚያ የሶፍትዌርዲስትሪቢዩሽንን ስም ይቀይሩ፣ መጨረሻው ላይ ኦልድ ብሎ መጨመር ይበቃል። ፎልደሩ ሥራ ላይ ነው ብሎ እምቢ ካለ ከሦስቱ አንዱ ተመልሶ ተነስቷል ማለት ነው፤ እንደገና አቁመው ሳይዘገዩ ይቀይሩት። በዚያው ዊንዶውስ ፎልደር፣ በሲስተም32 ውስጥ ያለውን ካትሩት2 የሚባለውንም በዚሁ መንገድ ይቀይሩ። እዚህ ላይ ዓይን ይከፈት፦ አጠገቡ ሁለት የሌለበት ካትሩት የሚባል ሌላ ፎልደር አለ። እሱ አይነካም።

ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርገው አፕዴት ይፈልጉ። የመጀመሪያው ፍለጋ ከወትሮው ይረዝማል፣ የሂስትሪው ገጽም ባዶ ይሆናል። ይህ የተጫኑትን አፕዴቶች አያወጣም፤ የጠፋው ዝርዝሩ ብቻ ነው። ሁሉ ነገር ለጥቂት ቀን ደህና ከሠራ ኦልድ ያሉትን ሁለቱን ፎልደሮች ማጥፋት ይቻላል።

ይህም ካልፈታው አፕዴቱን ከማይክሮሶፍት አፕዴት ካታሎግ በቁጥሩ ፈልገው ያውርዱና በእጅ ይጫኑት። ሲከፍቱት የሚሰጠው መልስ ራሱ ምርመራ ነው። ቀድሞ ተጭኗል ካለ ጥፋቱ ዊንዶውስ የተጫነውን ከመለየቱ በኩል ነው። ለዚህ ኮምፒውተር አይሆንም ካለ ደግሞ ወይ የሌላ እትም ፋይል አውርደዋል፣ ወይ ቀድሞ መግባት የነበረበት አፕዴት ጎድሏል። ከገባ ግን የሚቀጥለውን ወር አፕዴት መጠበቅ ነው፤ ወርሃዊው አፕዴት የቀደሙትን ሁሉ ስለሚጠቀልል የድሮው ተመላላሽ ብዙ ጊዜ ከዝርዝሩ ይወጣል።

ምልክት፦ ሪስታርት ላይ ለውጦቹን እየሰረዝኩ ነው ይላል

ሦስተኛው ጎራ ይህ ነው። ዊንዶውስ ከመጫኑ በኋላ አንድ ነገር ስላቃተው የነበረውን መልሷል፤ በሚቀጥለው ፍለጋ አፕዴቱ እንደሌለ ያይና እንደገና ያወርዳል። ኢንተርኔት በሜጋባይት ለሚከፍል ሰው ይህ ቀልድ አይደለም። ስለዚህ ጥገናው እስኪያልቅ ሰቲንግ ውስጥ ፖዝ አፕዴትስ የሚለውን ያብሩ፤ እስከ 35 ቀን ይታገሣል።

80070070 ካለ ቦታ የለም። ለወርሃዊው አፕዴት በሲ ድራይቭ ላይ 10 ጊጋባይት ያህል ባዶ ቦታ ቢኖር ይመረጣል፣ ለእትም ለውጥ ደግሞ ቢያንስ 20።

80073712፣ 800ኤፍ081ኤፍ ወይም 800ኤፍ0831 ካለ የዊንዶውስ የራሱ ፋይል ማከማቻ ተጎድቷል ወይም ጎድሎበታል። ስታርት ሜኑ ላይ ሲኤምዲ ብለው ይፈልጉ፣ ራይት ክሊክ አድርገው በአድሚኒስትሬተርነት ይክፈቱት። ትእዛዞቹ የሚጻፉት በእንግሊዝኛ ፊደል ነው፤ ከእያንዳንዱ ስላሽ በፊት አንድ ክፍት ቦታ ይተዉ። መጀመሪያ፦

ዲስም /ኦንላይን /ክሊንአፕ-ኢሜጅ /ሪስቶርሄልዝ

እሱ ሲያልቅ፦

ኤስኤፍሲ /ስካንናው

ቅደም ተከተሉ አይገለበጥ። ሁለተኛው የተበላሸ ፋይል ሲያገኝ ምትኩን የሚያመጣው ከማከማቻው ነው፤ ማከማቻው ካልተጠገነ ምን ያመጣል? የመጀመሪያው ትእዛዝ 62.3 ከመቶ ላይ ደርሶ ብዙ ደቂቃ ቀጥ ማለቱ የተለመደ ስለሆነ ተሰቅሏል ብለው አይዝጉት። ኤስኤፍሲ ምንም ጥፋት አላገኘሁም ካለ ወይም አግኝቼ ጠግኛለሁ ካለ ሪስታርት አድርገው አፕዴቱን ይሞክሩ። ያልቻልኩት አለ ካለ ሁለቱንም አንድ ጊዜ ይድገሙ። ዲስም ራሱ በ800ኤፍ081ኤፍ ከወደቀ መጠገኛ ፋይሉን ከኢንተርኔት ማግኘት አልቻለም ማለት ነውና መጨረሻ ላይ ወዳለው የጥገና ጭነት ይለፉ።

800ኤፍ0922 ካለ ሁለት ተጠርጣሪ አለ። ቀላሉ ቪፒኤን ነው፤ ያጥፉትና እንደገና ይሞክሩ። ከባዱ ኮምፒውተሩ የሚነሳበት ትንሽ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍልፋይ) መሙላቱ ነው። ይህ ፓርቲሽን ብዙ ጊዜ 100 ሜጋባይት ብቻ ሲሆን እዚያ ውስጥ የተሳሳተ ፋይል ማጥፋት ኮምፒውተሩን እንዳይነሳ ሊያደርገው ስለሚችል ባክአፕ ሳይኖር አይሞከርም።

ከማይክሮሶፍት ውጪ የሆነ አንቲቫይረስ ካለ ለሙከራ ማቆም ብዙ ጊዜ አይበቃም። ድራይቨሮቹ ከሲስተሙ ጋር ስለሚነሱ ሙሉ በሙሉ አውጥቶ አፕዴቱን መጫን፣ ከዚያ መመለስ ይሻላል።

ምልክት፦ 80070643 እያለ ደጋግሞ የሚወድቅ

ይህ ኮድ ጠቅላላ ስለሆነ አሳሳች ነው፤ ብዙ ፕሮግራሞች በሚሠሩበት የማይክሮሶፍት መሠረት፣ በዶትኔት አፕዴትም ላይ ይታያል። በሰፊው የታወቀው ግን እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ለዊንዶውስ 10 በወጣው ኬቢ5034441 ነው። አፕዴቱ የሚጫነው በዋናው ዊንዶውስ ላይ ሳይሆን ዊንዶውስ አልነሳ ሲል መጠገኛው በሚቀመጥበት በሪከቨሪ ፓርቲሽኑ ላይ ነው፣ እዚያም 250 ሜጋባይት ባዶ ቦታ ይፈልጋል። ብዙ ኮምፒውተር ላይ ፓርቲሽኑ ራሱ ጠባብ ነው። ማሳየት የነበረበት ቦታ አነሰ የሚለውን መልእክት ሆኖ ሳለ ይህን ጠቅላላ ኮድ ስለሚያሳይ፣ ሰው ሶፍትዌርዲስትሪቢዩሽንን ሲያጸዳና ዲስም ሲያስሮጥ ይውላል። አንዱም አይጠቅምም።

ለመለየት በአድሚኒስትሬተርነት በተከፈተው ኮማንድ ፕሮምፕት ሪኤጀንትሲ /ኢንፎ ብለው ይጻፉ። ሪከቨሪው መብራቱንና በስንተኛው ፓርቲሽን ላይ እንዳለ ይነግራል። ከዚያ ዲስክ ማኔጅመንትን ከፍተው መጠኑንና ቦታውን ይዩ። ከሲ ድራይቭ በስተቀኝ ተከትሎ ከተቀመጠ መንገዱ ግልጽ ነው፦ ሪከቨሪውን ማጥፋት፣ ሲ ድራይቭን በ250 ሜጋባይት ማሳነስ፣ አሮጌውን ሪከቨሪ ፓርቲሽን መሰረዝ፣ በሰፋው ቦታ ላይ አዲስ መፍጠር፣ ሪከቨሪውን መልሶ ማብራት። ትእዛዞቹ በዲስክፓርት የሚሰጡ ሲሆን ለሁለቱ የዲስክ አከፋፈል ዓይነቶች፣ ለጂፒቲና ለኤምቢአር ዲስክ የተለያዩ ናቸው፤ ከማይክሮሶፍት ኬቢ5028997 ገጽ ላይ ፊደል በፊደል ይቅዱ። አንድ የፓርቲሽን ቁጥር ማሳሳት ሙሉ ዳታ ሊያስበላ ይችላል። ዲስኩ የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ በሆነው በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ የሪከቨሪ ቁልፉን መጀመሪያ ሌላ ቦታ ያስቀምጡ።

መድከሙ የሚያዋጣው ለሁሉም አይደለም። ያ አፕዴት የሚደፍነው ቀዳዳ ኮምፒውተሩን በእጁ ያስገባ ሰው የቢትሎከርን ቁልፍ እንዲያልፍ የሚያስችል ነው። ቢትሎከር የማይጠቀም ሰው አፕዴቱን ቢደብቀው ብዙ የሚያጣው ነገር የለም።

ምልክት፦ ድራይቨሩ በየጊዜው ይመለሳል

የፕሪንተር ወይም የግራፊክስ ድራይቨር ከአምራቹ አውርደው ጭነዋል፤ ዊንዶውስ አፕዴት ደግሞ የራሱን ያመጣል፣ አንዳንዴም የቆየውን። ሁለቱ እየተተካኩ ይኖራሉ። ማይክሮሶፍት አፕዴት ለመደበቅ ያወጣው ትንሽ መሣሪያ አለ፣ ሾው ኦር ሃይድ አፕዴትስ ይባላል። ከፍተው ሃይድን መርጠው በድራይቨሩ ላይ ምልክት ያድርጉ። አዲስ እትም ሲወጣ ግን እንደ ሌላ አፕዴት ተቆጥሮ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል።

ምልክት፦ ሁሉም አፕዴት፣ በሁሉም ኮምፒውተር፣ በየቀኑ

በኮምፒውተር ላብራቶሪ ወይም ብዙ ሰው በሚጋራው ቤት ውስጥ ይህ ከታየ ዊንዶውሱን ከመንካት በፊት ከሰዓቱ አጠገብ ያሉትን አይኮኖች ይመልከቱ። እንደ ዲፕ ፍሪዝ ያለ ሶፍትዌር ተጭኖ ከሆነ ሪስታርት በተደረገ ቁጥር ዲስኩ ወደ ተቆለፈበት ቀን ይመለሳል፣ አፕዴቱም አብሮ ይጠፋል። ያልተበላሸ ነገር ስለሆነ አይጠገንም፤ ቁልፉን ከፍቶ፣ አፕዴቱን ጭኖ፣ ሪስታርት አድርጎ ቢልዱን አረጋግጦ መልሶ መቆለፍ ነው። በየወሩ ሁለተኛው ማክሰኞ አፕዴት ስለሚወጣ ከዚያ በኋላ ያለውን አንድ ሌሊት ለዚህ መመደብ ይቻላል።

የትኛውም ካልፈታው

የቀረው ዊንዶውስን በራሱ ላይ ደግሞ መጫን ነው። ፋይልም ፕሮግራምም አይጠፋም፤ የሚተኩት የሲስተሙ ፋይሎች ናቸው። በዊንዶውስ 11 የቅርብ እትሞች ሰቲንግ፣ ሲስተም፣ ሪከቨሪ ውስጥ ችግርን በዊንዶውስ አፕዴት አማካኝነት ማስተካከል የሚል ምርጫ አለ፤ እዚያ ሪኢንስቶል ናው ይበሉ። ምርጫው ከሌለ በዚያው ቋንቋና እትም የሆነውን አይኤስኦ (የዊንዶውስ መጫኛ ፋይል) ከማይክሮሶፍት ያውርዱ፣ ሁለት ጊዜ ክሊክ አድርገው ይክፈቱት፣ ውስጡ ያለውን ሰትአፕ ያስነሱ። ምን ይቀመጥ ብሎ ሲጠይቅ ፋይሎችንና ፕሮግራሞችን የሚለው መመረጡን ያረጋግጡ። ያ ምርጫ ደብዝዞ የማይነካ ከሆነ አይኤስኦው ከተጫነው ጋር አይገጥምም ማለት ነው፤ እዚያው ያቁሙና ትክክለኛውን ያውርዱ። ከፍላሽ ቡት አድርጎ መጫን ሌላ ነገር ነው፣ ፕሮግራሞቹን ያጠፋል።