ጀልባ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት

ሐዋሳ ወይም ዝዋይ ጀልባ ተከራይታችሁ ዓሣ ልታጠምዱ ካሰባችሁ፣ ብራችሁን ሁሉ ዘንግ ላይ አትጨርሱ። የሚቀድመው ላይፍ ጃኬት፣ ማለትም ውሃ ላይ የሚያንሳፍፍ ሰደርያ ነው። ጀልባው ላይ ያለውን ዝም ብላችሁ አትመኑ። ልበሱት፣ ዘለበቱን ቆልፉ፣ ከዚያ አንድ ሰው ትከሻው ላይ ይዞ ወደ ላይ ይሳበው። ወደ ጆሯችሁ ከወጣ ሰፍቷችኋል፤ ውሃ ውስጥ ሾልኮ ይወጣል። የተጻፈበትንም እዩ። ኒውተን የማንሳፈፍ ጉልበቱን ይለካል፤ 50 ኒውተን የሚለው ዋና ለሚችል ሰው ነው። ዋና የማይችል 100 ወይም ከዚያ በላይ ይልበስ። ኪሱ ውስጥ ፊሽካ ጨምሩበት።

መንጠቆ ስትገዙ ቁጥሩ እንዳይሸውዳችሁ። 10 ቁጥር ከ4 ቁጥር ያንሳል። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ (ቲላፒያ) አፉ ጠባብ ስለሆነ 8 ወይም 10 ይበቃዋል፤ ክሩም 0.25 ሚሊሜትር ገደማ ይሁን። አምባዛ (ካትፊሽ) ግን ጉልበተኛ ነው፤ ከ0.40 ያላነሰ ክርና ትልቅ መንጠቆ ይፈልጋል። ፒንሳም ያዙ። የአምባዛ የጎን ክንፍ ጠንካራ እሾህ አለው፤ መንጠቆውን በባዶ እጅ አወጣለሁ ስትሉ ይወጋችኋል።

ከዳር ሆናችሁ የምትጥሉ ከሆነ ረጅም የጎማ ቦት ጫማ አድርጉ። እነዚህ ሐይቆች ዳር ቢልሃርዚያ፣ ማለትም ከውሃ በቆዳ በኩል የሚገባ የትል በሽታ አለ፤ ሱሪ ሰብስቦ ሸምበቆ መሃል መቆም አያዋጣም። ሐዋሳ ላይ ደግሞ ጉማሬም አለ፤ ሲመሽ ወደ ዳር ስለሚወጣ ያን ሰዓት ባትቆዩ ይሻላል። ጀልባ የምትይዙ በጠዋት ውጡ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ሞገዱ ለትንሽ ጀልባ ይከብዳል።