በድሬዳዋ ግቢ የአትክልት ሙከራን የሚያበላሹ ስህተቶች

መጀመሪያ የማነሳው አመድን ነው። «አመድ ለአትክልት መድኃኒት ነው» የሚለው ምክር ውሸት አይደለም፤ ነገር ግን የሚሠራው እንደ ወለጋ ባሉ ዝናብ የበዛባቸው፣ አፈራቸው አሲዳማ በሆነ አካባቢዎች ነው። የድሬዳዋ መሬት ኖራ ድንጋይ የበዛበት ነው፤ ውሃውም ያንኑ ኖራ ይዞ ይመጣል። የሻይ ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የተጋገረውን ነጭ ቅርፊት ተመልከቱት። በዚያ ላይ እንደ ኖራ የሚሠሩትን አመድና የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ስትጨምሩበት ሥሩ ከአፈሩ ብረት መውሰድ ያቅተዋል። ምልክቱ ሎሚ ላይ ቶሎ ይታያል፦ አዲስ የወጣው ቅጠል ይገረጣል፣ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል።

ሁለተኛው ስህተት ከዚሁ ይወለዳል። ቅጠል ቢጫ ሲሆን ብዙዎች ዩሪያ ይበትናሉ። ዩሪያ ናይትሮጅን እንጂ ብረት የለውም። የናይትሮጅን እጥረት ከታች ካሉት አሮጌ ቅጠሎች ይጀምራል፤ የብረቱ ደግሞ ከቅርንጫፉ ጫፍ ካሉት አዳዲስ ቅጠሎች። ስለዚህ ከመበተናችሁ በፊት የትኛው ቅጠል እንደገረጣ እዩ። ከጫፍ ከሆነ በደንብ የተብላላ ብስባሽ ስጡት፤ ክረምት ላይ ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚወርደውን ውሃ በበርሜል አጠራቅሙና እሱን አጠጡት። ከቧንቧው ውሃ ይልቅ ለሎሚ የሚስማማው እሱ ነው።

ሁሉንም ነገር በአንድ ጊዜ መቀየር ሌላው ጥፋት ነው። አፈሩን፣ ቦታውንና ማዳበሪያውን በአንድ ቀን የለወጠ ሰው ቃሪያው ቢያፈራም ቢደርቅም ምክንያቱን አያውቅም። ሁለት ችግኝ ከአንድ ዘር፣ በአንድ ዓይነት ዕቃ፣ ጎን ለጎን አስቀምጡ፤ አንዱን የዝናብ ውሃ ሌላውን የቧንቧ ውሃ አጠጡ፤ ሌላውን ሁሉ እኩል አድርጉ።

የሐረርን ልምድ እንዳለ ማውረድም አያዋጣም። ሐረር ወደ 1,850 ሜትር፣ ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። ሐረር ያሉ ዘመዶቻችሁ ቲማቲም በተከሉበት ወር እናንተም ብትተክሉ አበባው በሙቀት ሊረግፍ ይችላል፤ ቀኑ ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ ቲማቲም ፍሬ መያዝ ይቸግረዋል። አበባው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ እንዲውል አስባችሁ ዝሩ።

ጥቁር ጀሪካን ቆርጦ ፀሐይ ላይ ማስቀመጥም ሥር ይቀቅላል። እኩለ ቀን ላይ ጎኑን በእጃችሁ ዳስሱት፤ እጃችሁ መታገሥ ካልቻለ ሥሩም አይችልም። ውጪውን በኖራ ቀቡት ወይም ከግድግዳ ጥላ ሥር አስገቡት፤ ከታች ውሃ የሚወጣበት ቀዳዳ መኖሩንም እርግጠኛ ሁኑ። ያልተብላላ የፍየል ፍግ ችግኝ ያቃጥላል፤ ተዉት።

የኒም ቅጠል ጭማቂ በሳሙና ቀላቅላችሁ ለነፍሳት የምትረጩ ከሆነ፣ ፀሐይ ከበረደ በኋላ በአንድ ቅጠል ላይ ብቻ ሞክሩትና በማግሥቱ ተመልከቱ፤ ቅጠሉ ካልተቃጠለ ቀሪውን እርጩ።