ከተበላሸ ሃርድ ዲስክ የኒዮዲሚየም ማግኔት አወጣጥ

ሬር ኧርዝ የሚባሉት 17 ንጥረ ነገሮች (ኒዮዲሚየምም አንዱ ነው) ዜና ላይ ሲወራላቸው ሩቅ ይመስላሉ እንጂ ስልካችን ስፒከር ውስጥ አሉ፣ ኢርፎን ውስጥ አሉ፣ የላይተር ድንጋይ ራሱ ባብዛኛው ሴሪየምና ላንታነም ከብረት ጋር ተቀላቅሎ ነው። በእጅ ይዞ ለማየት ግን ከሞተ ሃርድ ዲስክ የሚቀል የለም።

መጀመሪያ ኤስኤስዲ (ዳታውን በዲስክ ፈንታ ቺፕ ላይ የሚይዘው) አለመሆኑን እዩ፣ እሱ የሚንቀሳቀስ ነገር ስለሌለው ማግኔትም የለውም፣ በከንቱ ነው የምትለፉት። የዴስክቶፕ ባለ 3.5 ኢንቹ ይሻላል፣ ማግኔቱ ከላፕቶፑ ይተልቃል። የምትፈልጉት ዳታ ካለበት ግን አትንኩት፣ አንዴ ተከፍቶ አቧራ ከገባበት አለቀለት።

ብሎኖቹ ኮከብ ቅርፅ ናቸው፣ በተራ ካቻቢቴ ከታገላችሁ ጥርሱን ትበሉታላችሁ፣ ቶርክስ ቲ8 የሚባለው ባለ ኮከብ ካቻቢቴ ብዙውን ጊዜ ይሆናል። ሁሉንም ፈትታችሁ ክዳኑ እምቢ ካለ በጉልበት አትሂዱ፣ ስቲከሩን በጣት ጫን ጫን እያላችሁ ዳብሱት፣ ጎድጎድ ያለበት ቦታ ስር የተደበቀ ብሎን ይኖራል፣ ቀዳችሁ ፍቱት። ከውስጥ የሚያብረቀርቀውን ክብ ዲስክ አታጥፉት፣ በተለይ የላፕቶፑ ብዙ ጊዜ መስታወት ስለሆነ ይበታተናል።

አሁን ጥጉ ላይ፣ የሚያነበው ክንድ ጭራ በኩል፣ ወፍራም ብረት ታያላችሁ፣ ማግኔቱ እሱ ላይ በሙጫ ተለጥፏል። ክንዱን በፍጥነት ወዲያ ወዲህ የሚያደርገው ማግኔቱ ነው፣ የተሠራውም ከኒዮዲሚየም፣ ከብረትና ከቦሮን ነው፣ ከክብደቱ 30 በመቶ አካባቢ ኒዮዲሚየም ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ (በፈረንጅ) ጃፓናዊው ማሳቶ ሳጋዋና የአሜሪካው ጄኔራል ሞተርስ በየፊናቸው ነው የደረሱበት።

ለማላቀቅ ብረቱን በሁለት ፒንሳ ግራና ቀኝ ይዛችሁ ትንሽ አጠፍ አድርጉት፣ ሙጫው ራሱ ይለቃል። መዶሻ አይነካውም፣ ተሰባሪ ነው፣ መነፅር አድርጉ። ሙጫውን በእሳት ላቅልጠው የሚል አይጠፋም፣ እንዳታደርጉት! ተራው አይነት ከ80 ዲግሪ ሴልሺየስ ካለፈ ጉልበቱን ማጣት ይጀምራል፣ የኤሌክትሪክ መኪና ሞተር ማግኔት ላይ ዲስፕሮሲየም የሚባል ሌላ ሬር ኧርዝ የሚጨመረው ሙቀቱን እንዲችል ነው። የኒኬል ልባሱንም አትፋቁት፣ ይዝጋል።

ሁለቱን ስታቀራርቡ ጣታችሁን ከመሃል አውጡ፣ ቆዳ ይቆነጥጣል። ከህፃናት አርቁት፣ ሁለት ከተዋጠ አንጀት መሃላቸው ገብቶ ሊበሳ ይችላል፣ የልብ ፔስሜከር ያለው ሰውም አይጠጋው። ስታስቀምጡ መሃሉ ወፍራም ካርቶን አድርጉ፣ ከተጣበቁ ደግሞ ወደ ጎን አንሸራቱ እንጂ ወደ ላይ አትጎትቱ።