ሞተሩ ሚስ ሲያደርግ፦ ኮይል ከመግዛታችሁ በፊት

ከአዲስ አበባ ወደ ሱሉልታ የሚያወጣውን የእንጦጦ ዳገት ስትጀምሩ መኪናዋ ትንገጫገጫለች፣ ጉልበት ታጣለች። ሚስ የሚባለው ይህ ነው፦ በሲሊንደር ውስጥ ነዳጁ በትክክል አይቃጠልም። የቼክ ኢንጅን መብራቱ በርቶ ከቀረ ቀስ እያላችሁ ጋራዥ ትደርሳላችሁ። ብልጭ ድርግም ካለ ግን ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ማርሚታው እየወረደ ካታሊቲኩን (የጭስ ማጣሪያውን) ያቃጥላል፤ ነዳጅ መስጠቱን ቀንሱና ዳር ያዙ።

የመኪናዋን ኮምፒውተር የሚያነበው ስካነር ፒ0302 የሚል ኮድ ካሳየ በሁለተኛው ሲሊንደር ነዳጁ በትክክል አልተቃጠለም ማለቱ ነው። ኮይል (ለካንዴላው እሳት የሚሰጠውን ዕቃ) ግዙ አላለም። ብዙ ሰው ግን ከዚህ ቁጥር ተነስቶ በቀጥታ ሶማሌ ተራ ይሄድና ያገለገለ ኮይል ይዞ ይመለሳል፤ ገንዘቡ ያሳዝነኛል። በየካንዴላው የየራሱ ኮይል ያለው ሞተር ከሆነ የሁለተኛውን ከሦስተኛው ጋር አቀያይሩ፣ ኮዱን አጥፉና ያንኑ ዳገት ውጡ። ፒ0303 ከመጣ ጥፋቱ የኮይሉ ነው። ፒ0302 ከተመለሰ ካንዴላውን እንዲሁ አዛውሩ፣ ቀጥሎ ኢንጀክተሩን (ነዳጅ የሚረጨውን)።

ካንዴላው ሲወጣ በደንብ እዩት። በቤንዚን ከራሰ እሳት አላገኘም። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከያዘ ነዳጅ በዝቶበታል፤ በአቧራማ መንገድ የምትመላለሱ ከሆነ የአየር ፊልትሮውን አራግፉ ወይም ቀይሩ። ካንዴላው የሚገባበት ጉድጓድ ውስጥ ዘይት ካለ የላይኛው ክዳን ጓርኒሲዮን ይቀየር፤ አለበለዚያ አዲሱም ኮይል ይበላሻል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ያው ሲሊንደር ሚስ ካደረገ ኮምፕሬሽን (ፒስተኑ አየሩን ሲጨምቅ የሚፈጠረው ግፊት) ይለካ። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል ያንሳል፤ ማኑዋሉ 180 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) የሚለው ሞተር እዚህ 135 አካባቢ ቢያነብ ጤነኛ ነው። በዚህ ቁጥር ብቻ «ሞተሩ አልቋል» ከተባላችሁ አትቀበሉ። ሲሊንደሮቹን እርስ በርስ አወዳድሩ፦ ሦስቱ 135፣ አንዱ 90 ከሆነ ችግር አለ። በካንዴላው ቀዳዳ አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምራችሁ እንደገና ለኩ። ቁጥሩ ከፍ ካለ የፒስተን ፋሻው አልቋል፤ ካልተነቃነቀ ቫልቭ ወይም የቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮን ነው። ራዲያተሩ ውሃ እየጨረሰ ነጭ ጭስ ካለ ጓርኒሲዮኑን ጠርጥሩ።

ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳትሰጡ) እየተንቀጠቀጠች ስትነዱ የምትስተካከል ከሆነ፣ ፒ0300 (ሚሱ በአንድ ሲሊንደር ያልተወሰነ) ከፒ0171 (ለአየሩ ነዳጅ ያነሰ) ጋር ከመጣ ደግሞ ይበልጥ፣ የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ ፈልጉ።

ክረምት ጠዋት ብቻ የሚመጣ ሚስ ገመድ ባላቸው ሞተሮች ላይ ብዙ ጊዜ የካንዴላ ገመድ ነው። ማታ በጨለማ ሞተሩን አስነስታችሁ ኮፈኑን ክፈቱ፤ ሰማያዊ ፍንጣሪ ሲዘል ታያላችሁ። እጃችሁን አታስገቡ።

በካርቡሬተር የሚሠራ ዲኤክስ (የድሮ ቶዮታ ኮሮላ) ኮድ የለውም። ስካነር የማይቀበሉት የ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ የኢኤፍአይ (ነዳጃቸው በኮምፒውተር በኢንጀክተር የሚረጭ) ቶዮታዎች ግን አላቸው፦ ኮፈኑ ሥር ባለው ሶኬት ቲኢ1 (TE1) የሚለውን ቀዳዳ ከኢ1 (E1) ጋር በሽቦ አገናኙ፣ ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ክፈቱና የቼክ ኢንጅን መብራቱን ብልጭታ ቁጠሩ። አንዴ፣ ትንሽ እረፍት፣ ከዚያ አራቴ ካለ 14 ነው፤ የኢግኒሽን ምልክት ለኮምፒውተሩ እየደረሰ አይደለም። ጠግናችሁ ስትጨርሱ ቁልፉን ዘግታችሁ የኢኤፍአይ ፊውዙን ለአንድ ደቂቃ ያህል ንቀሉ፤ አለዚያ የድሮው ኮድ እንደተመዘገበ ይቆያል።